የቡሄ ዜማ ከደጃፍ እስከ ስልክ



እንደሚታወቀው ነሐሴ 13 ቀን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ታቦር ተራራ የወጣበት፣ በፊታቸውም ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት፣ ሙሴና ኤልያስም ተገኝተው ከእርሱ ጋር የተነጋገሩበት ዕለት መታሰቢያ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ዕለት ከዘጠኙ የጌታ ዐበይት በዓላት አንዱ አድርጋ ስታከብረው፣ ሕዝቡ በበኩሉ ቡሄ የሚል ስም አውጥቶለት የክረምቱ ጭጋግ የሚገፈፍበትና ሰማዩ ወደ ብራ የሚያዘነብልበት ወቅት ማብሰሪያ አድርጎ ይቀበለዋል።

በዋዜማው ምሽት ችቦ ይበራል። እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ። ወንዶች ልጆች ቀደም ብለው የገመዱትን ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ዱላቸውን ይዘውም «ሆያ ሆዬ» እያሉ ከደጃፍ ደጃፍ ይዞራሉ። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ከምእመናን የለመኑትን እህልና ዱቄት አጠራቅመው፣ ዳቦ ጋግረውና ጠላ ጠምቀው ዕለቱን የራሳቸው በዓል አድርገው ያከብሩታል። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን ችቦው በተራራው ላይ የታየው ብርሃን፣ የጅራፉ ድምፅ ደግሞ ከደመናው የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው። ሙልሙሉም በታቦር ተራራ አካባቢ ብርሃኑን አይተው ገና ያልመሸ የመሰላቸውና ከመንጋቸው ጋር በሜዳ የቆዩት እረኞች፣ ወላጆቻቸው ይዘውላቸው የወጡትን ኅብስት የሚያስታውስ ነው ይባላል። ልብ ብለን ስንመለከተው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተጻፈውን ታሪክ በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ በአፉም ቀምሶ የሚያድግበት ሥርዓት ነው።

ዛሬ ግን ቡሄ ሌላም መንገድ አግኝቷል። ዜማው በሙዚቃ መሣሪያ ታጅቦ በቴሌቪዥን ይቀርባል፤ በዩቲዩብና በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ከአገር ርቀው የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዓሉን ለልጆቻቸው የሚያሳዩት ብዙውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው። ለመሆኑ ይህ አዲስ መንገድ ከአያት ቅድመ አያት የወረስነውን የቃል ቅርስ ያቆይልናል ወይስ ያስረሳናል? በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ከበዓሉ ጋር አያይዘን ለመመልከት እንሞክራለን።

ብራናው ያገኘው ዕድል

አስቀድመን መልካሙን እናንሣ። የአገራችን የጽሑፍ ቅርስ ከዘመኑ መሣሪያ ብዙ ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1973 በቤተ ክርስቲያናችን ይሁንታ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ከሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ 9,000 ያህል መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ በኋላ ወደ ዲጂታል ምስል ተለውጠው በኢንተርኔት ለንባብ በቅተዋል። ከዚያም ወዲህ እንደ ጉንዳ ጉንዶ ባሉ ጥንታውያን ገዳማት የሚገኙ መጻሕፍት በዲጂታል ካሜራ ተነሥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተዘርፈው ወደ እንግሊዝ አገር ከተወሰዱት መጻሕፍት መካከልም ብዙዎቹ በብሪቲሽ ላይብረሪ ምስላቸው ተነሥቷል። ዋናው መጽሐፍ ከባለቤቱ እጅ ርቆ ምስሉ ብቻ መታየቱ ቅሬታ የሚያሳድር ቢሆንም፣ አንድ የቅኔ መምህር ወይም አንድ የታሪክ ተማሪ ባሕር ሳይሻገር ገጹን ለማንበብ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሥራ ሁለት ትምህርቶችን መቅሰም ይገባናል። የመጀመሪያው፣ ምስል ብቻውን ዕውቀት አለመሆኑ ነው። ያ ሁሉ ፊልም ከተነሣ በኋላ እያንዳንዱን መጽሐፍ አንብቦ ምንነቱን፣ ዘመኑንና ባለቤቱን ለይቶ የሚመዘግብ ሰው ማስፈለጉ አልቀረም። ይህን ሥራ ለረጅም ዓመታት ከፈጸሙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እኒህ ሊቅ በልጅነታቸው የግእዙን ትምህርት ቀምሰው ባይነሡ ኖሮ ካሜራው ያነሣው ገጽ ለብዙዎቻችን እንደተዘጋ በቀረ ነበር። መሣሪያው ገጹን አቀረበልን፤ የገለጠልን ግን ትምህርቱን ከመምህር የወረሰ ሰው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት፣ የዲጂታል ቋት ራሱ ጽኑ ግንብ አለመሆኑ ነው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ብሪቲሽ ላይብረሪ በደረሰበት የኮምፒዩተር ጥቃት ምክንያት በድረ ገጹ ይታዩ የነበሩት የብራና መጻሕፍት ምስሎች ለብዙ ጊዜ ከአንባብያን ተሰውረው ነበር። ሀብትና ባለሙያ ባልጎደለበት ቤት እንዲህ ያለ ችግር ከደረሰ፣ የአያታችንን ድምፅ በአንዲት ስልክ ላይ ብቻ አስቀምጠን ተረጋግተን መቀመጥ አይገባንም።

የደጃፉ ዜማ ጠባይ

ብራና ዝም ብሎ ይቆያል። ከ500 ዓመት በፊት የተጻፈ ገጽ ዛሬም ቢገለጥ ቃሉ ያው ነው። የቃል ቅርስ ግን እንዲህ አይደለም። ሰው ሲለው ይኖራል፤ የሚለው ሲጠፋ ይጠፋል። በመሆኑም ለብራናው የበጀው መፍትሔ እንዳለ ለሥነ ቃሉም ይበጃል ብሎ ማሰብ ያሳስታል።

የሆያ ሆዬን አደራረግ እንመልከት። አንድ አውራጅ አለ፤ ሌሎቹ ተቀባዮች ናቸው። ዱላቸው መሬቱን በአንድነት ሲመታ ምቱን ይጠብቃል። አውራጁ ግን የሸመደደውን ብቻ የሚደግም አይደለም። ደጁን አይቶ፣ የቤቱን ጌታና እመቤት ለይቶ፣ ሰውየው ገበሬ ከሆነ እርሻውን፣ ነጋዴ ከሆነ ገበያውን፣ እመቤቲቱ ባለሙያ ከሆነች ጓዳዋን እያነሣ ያሞግሳል። ሙልሙሉ ሲዘገይ በጨዋታ ይጎነትላል፤ ሲመጣ ደግሞ ዓመቱ የበረከት፣ ቤቱ የጤና እንዲሆን መርቆ ይሄዳል። የቤቱ ሰውም ለዚህ ምርቃት አሜን ይላል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ልጁ ቃል መምረጥን፣ ቤት መምታትን፣ ታላቅን ማክበርንና ያገኘውን ከጓደኞቹ ጋር መካፈልን ይማራል።

የተቀረጸ ዜማ ግን በማን ደጃፍ እንደቆመ አያውቅም። አምና ለአንድ ሰው የተባለውን ዘንድሮም ለሌላው ይለዋል። በአንዳንድ የከተማ ሰፈሮች ልጆች ዜማውን ከድምፅ ማጉያ እያሰሙ ሳንቲም መቀበል ሲጀምሩ፣ ድምፁ ቢደምቅም አውራጁ ሥራ ፈትቷል፤ ተቀባዮቹም አድማጮች ሆነዋል። የቤቱ ጌታም ስሙ ሳይነሣና ሳይመረቅ ገንዘቡን ሰጥቶ በሩን ይዘጋል። የቀረው የዜማው ቅጂ ነው፤ በደጃፉ ላይ በልጆቹና በቤቱ ሰው መካከል ይደረግ የነበረው መነጋገር ግን ተቋርጧል።

የቃል ቅርስን ልጆች ስለሚሉት ብቻ እንደ ቀላል ነገር የሚያዩት አይጠፉም። ይህ አስተያየት ትክክል አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በአማርኛ ሥነ ቃል ላይ ባደረጉት ጥናት የሚታወቁት ምሁር ፈቃደ አዘዘ፣ በሰሜን ሸዋ ያሉ ገበሬዎች በ1977ቱ ድርቅና ረኃብ ላይ የተናገሯቸውን ቃል ግጥሞች ሰብስበው፣ ከትንታኔ ጋር በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትመዋል። በዚያ ዘመን ስለ ረኃቡ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ፊልም ተነሥቷል። የተራበው ገበሬ ራሱ ስለ ሰማዩ፣ ስለ ምድሩና ስለ ፈጣሪው ምን እንዳለ የምናውቀው ግን ቃሉን ከአፉ ተቀብሎ የመዘገበ ሰው በመገኘቱ ነው። የአንድ ሕዝብ ኀዘንና ምስጋና ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ቃል ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ይገኛል።

ከቅዱስ ያሬድ ጉባኤ የምንማረው

ድምፅን በምልክት የማስቀመጥ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተነሣ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ያዘጋጀው ዜማ ለብዙ ዘመን በቃል ሲወራረድ ቆይቷል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ዜማው እንዳይጠፋ ምልክት እንደሠሩለት ይነገራል። ይዘት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ርክርክና ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች በድጓው ቃላት ላይ ተጽፈው ዛሬም ይሠራባቸዋል። ከእነዚህም ሌላ ከታወቁ የዜማ ቃላት ተቀንጭበው የሚጻፉ ብዙ የፊደል ምልክቶች አሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። አንድ የፊደል ምልክት ለመሪጌታው የሚያመለክተው ቀደም ሲል ከመምህሩ አፍ የተማረውን አንድ የዜማ ስልት ነው። ያን ያልተማረ ሰው ምልክቱን ቢያየው ፊደል ብቻ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህም ድጓው ተጽፎ፣ ምልክቱም ተበጅቶለት እያለ፣ ተማሪው ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ መሄዱን አልተወም። ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ሲስት እየታረመ፣ ሲያደርስ እየተመሰከረለት ዓመታትን ያሳልፋል። ጽሑፉ ለተማረው ማስታወሻ፣ ለመምህሩም ማረጋገጫ ሆኖ ያገለግላል እንጂ በመምህሩ ቦታ ተተክቶ አያውቅም።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ያሳዩን ጥበብ ለዛሬው ጥያቄያችን መልስ የሚሰጥ ይመስለናል። አዲሱን መሣሪያ አልጠሉም፤ ምልክቱን ተቀብለው አክብረው ይዘውታል። ነገር ግን ምልክቱ አለ ብለው ጉባኤውን አልበተኑም። ስልኩና ካሜራውም በዚሁ ደረጃ ቢቀመጡ ይጠቅማሉ። ልጁ ከአባቱ ወይም ከሰፈሩ ታላላቆች የተማረውን እንዳይረሳ የሚያስታውሱ ይሁኑ፤ በታላላቆቹ ፈንታ አስተማሪ ሆነው ግን አይሾሙ።

ጥቅሙና ጉዳቱ

የድምፅ ቅጂን ጥቅም መካድ አይቻልም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ድምፅ፣ አንድ መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ እንደገና በሲዲ ታትሞ ለመደመጥ በቅቷል። ያ ሸክላ ባይኖር ኖሮ ስለ እኒያ ሰው ቅኔና ጨዋታ የሚወራውን እንሰማ እንደሆነ እንጂ ድምፃቸውን አንሰማም ነበር። ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው ስልክ ያን ጊዜ ባሕር የሚያሻግረውን ሥራ በአንድ ጣት ንክኪ ይሠራል። በስደት ያሉ ልጆችም የአያቶቻቸውን ቋንቋና ዜማ የሚሰሙበት ዋነኛ መስኮት ሆኗል።

ጉዳቱ የሚጀምረው አንድ ቅጂ የሌሎችን ሁሉ ቦታ ሲወስድ ነው። ቡሄ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ ሲጨፈር ግጥሙም፣ ምቱም፣ አቀባበሉም እንደየአካባቢው ይለያያል። ከቡሄ ቀጥሎ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሚከበረውን የልጃገረዶች ጨዋታ ብናይ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። አራቱ ስሞች አራት የዜማ፣ የአለባበስና የአነጋገር ወዞች አሏቸው። በስቱዲዮ የተቀናበረ አንድ ዜማ በየስልኩ ሲደርስና ልጆች ሁሉ ያን ብቻ ሲያጠኑ፣ የየቀበሌው ዜማ ማንም ሳይከለክለው በጸጥታ ይቀራል። የብራና መጽሐፍ ሲሰረቅ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ደብሩም ይጮኻል። የአንድ መንደር ዜማ ሲጠፋ ግን በዓሉ በሌላ ዜማ ስለሚደምቅ መጥፋቱን ልብ የሚል የለም። የቃል ቅርስ አደጋ ከብራናው የሚከፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዓለም አቀፉ ሕግም የሚመለከተው ይህንኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀው የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነት፣ ቅርስን መጠበቅ ማለት መመዝገብና ማጥናት ብቻ ሳይሆን ለተተኪው ትውልድ ማስተላለፍንም እንደሚጨምር ይደነግጋል። የመስቀል በዓላችን እ.ኤ.አ. በ2013፣ የጥምቀት በዓላችንም በ2019 በዚህ ስምምነት መሠረት በዓለም አቀፍ መዝገብ ገብተዋል። ምዝገባው የሚያኮራን ቢሆንም ደመራውን የሚደምረው፣ ታቦቱን በዝማሬና በእልልታ የሚያጅበው ግን መዝገቡ አይደለም፤ ሕዝቡ ነው።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

ይህ ጉዳይ ለሙዚየምና ለዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚተው አይደለም። የቡሄ ዜማ ባለቤቱ ቤተሰብና ሰፈር ስለሆነ ጥበቃውም ከዚያው መጀመር አለበት። በዓሉ ደግሞ ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ ታላላቆች ካላቸው የሚያወጉበት ጊዜ ነውና ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

አያት ወይም ቅድመ አያት በቤቱ ካሉ፣ በልጅነታቸው ቡሄን እንዴት ይጨፍሩ እንደነበር እናስወጋቸው። ሊቀረጹ ፈቃዳቸው ከሆነም በስልካችን እንቅረጽ። ሲጀመር ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቀበሌና ወረዳ፣ ጨዋታውን ከማን እንደተማሩት፣ ዕለቱንና ዓመተ ምሕረቱን በድምፅ እናስነግር። ስምና ቦታ የሌለው ቅጂ ከዓመታት በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝምና። በመካከል የማይገባን ቃል ሲመጣ ችላ ሳንል ትርጉሙን እንጠይቅ። የዛሬ ልጅ የማያውቀው የእርሻ ዕቃ፣ የልብስ ወይም የምግብ ስም ብዙ ጊዜ ተሸሽጎ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ግጥም ውስጥ ነው። ሳል ገባበት፣ ሳቅ ገባበት ብለንም አንቆራርጠው፤ ለማሳመርም የሙዚቃ መሣሪያ አንጨምርበት። እንዳለ መቀመጡ ይበልጣል።

የተቀረጸውን በአንዲት ስልክ ብቻ መተው ለመጥፋት ማመቻቸት ነው። ስልክ ይሰረቃል፤ ውኃ ይገባዋል፤ በአዲስም ይለወጣል። ስለዚህ ቢያንስ በሁለትና በሦስት ቦታ፣ ለምሳሌ በኮምፒዩተርና በሌላ ዘመድ እጅ፣ ቅጂው ይቀመጥ። ግጥሙን በደብተር መገልበጥም እንደ ኋላቀርነት መታየት የለበትም፤ ወረቀት ባትሪም መብራትም አይጠይቅም። ፊደል የለየው ልጅ የአያቱን ቃል በእጁ ቢጽፍ ጽሕፈቱንም ቋንቋውንም ያዳብራል። የሰንበት ትምህርት ቤቶችና በየሰፈሩ ያሉ ማኅበራትም ይህን ሥራ ቢያስተባብሩ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱ የዜማና የወግ መዝገብ ሊኖረው ይችላል። የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት በሚመለከተው ቦታ ግን ምን መቀረጽ እንደሚገባውና እንደማይገባው አስቀድሞ አባቶችን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ የሆነው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የተቀረጸውን ካዳመጥን በኋላ ስልኩን ዘግተን ልጆቹ ራሳቸው እንዲሉት እናድርግ። አንዱ ያውርድ፤ ሌሎቹ ይቀበሉ። ቢሳሳቱ አያት ያርሟቸው። የጎረቤትን ስም እያነሡ የራሳቸውን ግጥም ሲጨምሩም ባህሉን አበላሹ ብለን አንቆጣቸው፤ ጥንትም ባህሉ የቆየው እንዲሁ እየተጨመረበት ነው። እኛም ልጆች በደጃችን ሲመጡ ሳንቲም ወርውረን ከመግባት ወጥተን እንቁም፤ ሞገሳቸውን እንስማ፤ ሙልሙሉን በእጃችን እንስጥ፤ ምርቃታቸውንም አሜን ብለን እንቀበል። የሚሰማው ያጣ አውራጅ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣምና።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም እንዲሁ በስልክ መስታወት ከሚያሳዩት ጎን ለጎን፣ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም በየቤታቸው ልጆቻቸውን በአንድነት ሰብስበው ቢያስጨፍሩ፣ ከአገር ቤት ካሉ አያቶችም ጋር በቪዲዮ እያገናኙ ቢያስጠይቁ፣ መሣሪያው ትክክለኛ ሥራውን ያገኛል። አያት ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ሆነው የልጅ ልጃቸውን ዜማ በስልክ ሲያርሙ ርቀቱ ትምህርቱን አላገደውም ማለት ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ዘመኑ የሰጠንን መሣሪያ በምስጋና እንቀበል፤ በጥንቃቄም እንጠቀምበት። የብራናው ምስል አንባቢ እንደሚፈልግ ሁሉ የተቀረጸው ዜማም ከደጃፍ ቆሞ የሚለው ልጅ ይፈልጋል። ዘንድሮ ችቦው ሲበራና ጅራፉ ሲጮኽ በየቤታችን አንድ ታላቅ የሚናገርበት፣ አንድ ልጅም የሚቀበልበት ምሽት እንዲሆን እንመኛለን።

ብርሃነ መለኮቱን በደብረ ታቦር የገለጠ አምላክ ለአገራችን ሰላሙን፣ ለቤታችን በረከቱን ያድልልን። ክረምቱን አሳልፎ ለአዲሱ ዓመት በደኅና ያድርሰን።

መልካም የቡሄ በዓል!